አሥራ ስምንት ሰከንድ

ከመስኮቴ ማዶ ጂሙ ይታየኛል፣
መስታወቱ ሌት ተቀን ያበራል።
አንድ ጎረምሳ አለ፣ ትሬድሚል ላይ የሚሮጥ፣
የትም ሳይደርስ ወርዶ ውሃ የሚጨልጥ።
እኔ ሻዬን ይዤ እቆጥርለታለሁ፣
የሱን እግር አይቼ የኔን እታዘባለሁ።

ሩቅ አይደለም፤ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል፤
በመሐል ግን ባለ ስድስት መስመር መንገድ ይፈሳል።
መብራቱ ለእግረኛ የሚሰጠው ጊዜ
አሥራ ስምንት ሰከንድ፤ ቆጠርኩት ሰዓት ይዤ።
የኔ ጉልበት ደግሞ፣ ያለ አንዳች ችኮላ፣
ሃያ ሰባት ይፈልጋል። ዘጠኙን ከየት ልሙላ?

ሐኪሜ እንደ ክኒን እርምጃ አዘዘችልኝ፤
"በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ ከምግብ በኋላ" አለችኝ።
"የት?" ስላት ስልኳ ላይ ካርታውን አየችና
"ከደጅዎ ፊት ለፊት ጂም አለ'ኮ!" አለች፣ ደስ አላትና።
ካርታው ላይ መንገዱ ቀጭን ክር ነው፤
የኤድመንተን በረዶ የለበትም፣
ማንም አይቸኩልበትም።

ስለዚህ ኮሪደር ተገኘ።
አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ምንጣፉ የደበዘዘ፣
አርባ ስድስት በር፣ የሽንኩርት ሽታ የያዘ።
ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ሃሊና ትወጣለች፣
የሟች ባሏን ካልሲ በካልሲዋ ላይ ደርባለች፤
ሮዴል ከታች ይመጣል፣ ልቡ ባትሪ ያለው፤
ወይዘሮ ዘርፌም፣ ጫማዋ የልጅ ልጇን የጠበበው፣
ሲረገጥ ቀይ የሚያበራው።

ቆጠራችን በልብስ መቆንጠጫ ነው፤
አንድ ዙር ሲያልቅ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ።
ሃያው ሁሉ ተዛውሮ ሲያብጥ ቀኝ ኪሴ፣
ልብስ ላሰጣ የወጣሁ ይመስለኛል ለራሴ።
የሕንፃው ተቆጣጣሪ ወረቀት ለጠፈ፤
"ኮሪደር ላይ መሰብሰብ ክልክል ነው" ብሎ ጻፈ።
ዘርፌ አንብባ ሳቀች፦ "መች ተሰበሰብን?
እኔ ፊት፣ አንተ ኋላ፤ ተበታትነን'ኮ ነው ያለን!"

እነሱ ለስኳር፣ ለደም ግፊት ይሄዳሉ።
እኔ የምሄደው ለዘጠኝ ሰከንድ ነው።
ከሊፍቱ እስከ አደጋ ጊዜ መውጫው በር
ልክ የመንገዱ ስፋት ነው፤ በጫማዬ ለክቼዋለሁ።
ጥቅምት ላይ ሃያ ስድስት ሰከንድ።
ታኅሣሥ ላይ ሃያ አራት።
ጥር ላይ ጉልበቴ አብጦ ሠላሳ።
የካቲት ላይ ሃያ።

አንድ ነገር አልነገርኳቸውም።
በዚያ መንገድ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ።
አንድ ሽማግሌ፣ ቡናማ ባርኔጣ ያደረገ፣
መሐል ላይ ሳለ መብራቱ ተለወጠበት፤
ጡሩንባ ነፋሁበት።
ረጅሙን።
ሰዓት ረፍዶብኝ ነበር።
ዞሮ አላየኝም፤ ባርኔጣውን ብቻ ያዝ አደረገ፣
ጡሩንባዬ ነፋስ ይመስል።

ሚያዝያ ላይ በረዶው ሲቀልጥ አራታችንም ወጣን።
ነጩ ሰውዬ በራ።
ዘርፌ ቀይ እያበራች ፊት፣ ሮዴል ከኋላዋ፣
እኔ በአሥራ ሰባት ደረስኩ! አሥራ ሰባት!
ዞር ስል ሃሊና አራተኛው መስመር ላይ ቆማለች፤
"እናንተ ሂዱ" በሚል እጇን ታወዛውዛለች።
ተመለስኩ።
ክንዷን ይዤ መጣሁ፤ ስንት እንደፈጀ አልቆጠርኩም።
አውቶቡስ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፤
እጁ ጡሩንባው አጠገብ።
አየሁት።
አልነፋም።

ውስጥ አንዲት ልጅ ፎርም ሰጠችን።
"ከዚህ በፊት ስፖርት ሠርተው ያውቃሉ?" ይላል።
ሮዴል እኔን አየኝ፤ እኔ ኪሴን ዳበስኩ፤
"አዎ" ብዬ ጻፍኩ።
የወር ክፍያውን ስታሳየን ዘርፌ መነጽሯን አወለቀች፤
"አግዳሚው ላይ መቀመጥስ በነጻ ነው?" አለች።

ተቀመጥን። ጎረምሳው ትሬድሚሉ ላይ አለ፤
ከቅርብ ሲታይ ሃምሳን ያለፈ ሰው ነው።
በመስታወቱ ውስጥ ሕንፃችንን አየሁት፦
አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ከግራ ሦስተኛው፤
መብራቱን ሳላጠፋ ወጥቼ ኖሯል።