የቤት ቁጥር

ሰኞ ነው፤ ገበያው ባቲን አጥለቅልቋል፣
የግመል ማገሣት በመስኮት ይገባል።
«መይረም ዓሊ» አልኩኝ፤ ተነሣች ከጥላ፣
ሁለት ቀን ተጉዛ ሕፃን ልጇን አዝላ።

አዲሱን ቅጽ ሞላሁ፦ ውሃ አላት? የላትም።
መጓጓዣ? እግሯ። እህል? አይታወቅም።
የቤት ቁጥር ከሚል ሳጥን ላይ ስደርስ
አስተርጓሚው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀች።
«ቤቴ ሰሌን ነው» አለች፤
«ዝናብ የጠራው ቀን ግመል ላይ ይጫናል፣
ቁጥር ብትለጥፉበት የት ድረስ ይፀናል?»

ሳጥኑን ባዶ ትቼ ወደ ደሴ ላክሁት።
በቀይ ተሰርዞ፣
«አድራሻ የላትም» ተብሎ አገኘሁት።
ዱቄትና ዘይቱ፣ የመንገድ አበሉ
በሩ ላይ ቁጥር ላለው ታደለ በሙሉ፤
ጎረቤቶቼ ናቸው፣
ደስ እያለኝ ጆንያ ሳሸክማቸው ዋልሁ።
ማንም ክፉ አልነበር፤ ሳጥኑን የሳለው
እኔን የሚመስል፣ ግድግዳ ያለው ነው።

ዛሬ ተመለሰች።
የኪኒኗን ፖስታ ዘረጋች ከፊቴ፤
«ከምግብ በኋላ» ይላል በእኛ ፊደል።
አስተርጓሚው ነገራት በአፋርኛ፣ ቀስ ብሎ።
አሰበች። ልጇን ወደ ላይ ሳብ አደረገች።
«ከየትኛው?» አለች።

እስክሪብቶ አነሣሁ።
በቤት ቁጥር ሳጥን ውስጥ ጻፍኩኝ፦ ግመል።
እስቲ ይመልሱት።