ጎዶሎና ሙሉ

ዝናብ ነው ካናዛዋ፤ በረዶ ልሁን ወይ ይላል።
ሽማግሌው ኩራሞቺ ከባንኮኒው ሥር ያጎነብሳል፤
ሣጥኑን በሁለት እጁ ያወጣል፤
«አስቀርቼልሻለሁ፣ ወይዘሮ ሱማኮ፤ ነገ ያልቃል።»

የመጨረሻው ቅጽ፤ ልዩ እትም፤
ቁጥሩ በወርቅ የተመታ፣ ሁለተኛ የማይታተም።
ሽፋኑ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤
የኦሳዮ አባት፣ ጨርቅ ነካሪው፣
ሃምሳ ዓመት ታጥቦ ከክንዱ ያልለቀቀው።
«እንዳትለያዪው» ይላል፤ «ዋጋው አብሮነቱ ነው።»

ሰባት ዓመት ሆነ፣ የእናታችን ቤት ከተሸጠ፣
እኔና ቺናሚ ከተኳረፍን፣ ቃል ከተቋረጠ።
ሰሃኑን ተካፈልን፤ ፍራሹን ተካፈልን፤
ከማንጋው መደርደሪያ ፊት ስንደርስ ቆምን።
አሥራ ስድስት ቅጽ ነበር ያኔ፤
«አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ጎዶሎው ላንቺ፤ ሙሉው ለኔ»
አለችኝ። ቁጥሩን ማለቷ ነበር፤
እኔ የሰማሁት የባልና የልጅን ነገር፣
እሷ ያላትን፣
ለኔ ያልሆነልኝን።

ከዚያ ወዲህ ጎዶሎውን ብቻ ገዛሁ፤
የሁለት ሰው ፍቅር በግማሽ አነበብሁ።
በአሥራ ሰባት ጌንጂሮ ጀልባውን ተቀምቶ እስር ቤት ነው፤
በአሥራ ዘጠኝ ምድጃ ዳር ተቀምጧል፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው።
ማን አስፈታው? ማን ቆረጠው?
ሀኮዳቴ ያለችው እህቴ ናት የምታውቀው።
በሃያ አንድ ኦሳዮ ፀጉሯን ቆርጣለች።
ለምን? እሷ ታውቃለች።
ኩራሞቺ አንዴ «ውሰጂ፣ ገንዘቡ ይቅር» ቢለኝ፣
«የሰው ድርሻ ነው» አልሁት፤ እሱ ምኑ ይግባ፣ እኔንም አልገባኝ።

ዛሬ ማታ ሣጥኑን ከፈትሁ። ሁለት ናቸው።
ሃያ ሦስት፣ ፍጻሜው።
ሃያ አራት፣ ከፍጻሜው ወዲያ ያለው፤ ቀጭን ነው።
ጀርባ ለጀርባ የተኙ፣
ለየብቻ የማይገኙ።
ሠዓሊዋ ይህን ብላ አልሠራችም፤
ሁለት አሮጊት በቁጥር እንደተኳረፉ አታውቅም።

ሃያ ሦስትን ወጥ ቤት ቆሜ ጨረስሁ፤ ሾርባው አረረ።
ኦሳዮ ጀልባው ላይ ወጣች፤ ገመዱ ተፈታ፤ ጭጋጉ ወረደ፣ አደረ።
የመጨረሻው ገጽ ነጭ ነው፤ መቅዘፊያ ብቻ፣ ውኃ ብቻ።
ተሻግረው ይሆን? ሃያ አራት ታውቃለች፤ እሷ ብቻ።
ጣቴ ሽፋኑ ላይ ደረሰ።
ተመለሰ።

ጠዋት ፖስታ ቤት። ልጁ ሚዛን ላይ አኖረው፤
«ውስጡ ምንድን ነው?» አለ። «ሙሉ ነው» አልሁት።
ፖስታው መስሎት ሳቀ። እኔም ሳቅሁለት።

ቤት ስገባ ሃያ ሦስት በሰፋው ሣጥን ዘሟል፤
ዋጋው ወርዷል።
ደብዳቤ አልጻፍሁም፤ እንዴት ነሽ አላልሁም፤
ስለ ቤቱም፣ ስለ እናታችንም አላነሳሁም።
በሐር ክሩ መሐል አንዲት ብጣሽ ብቻ ናት የሰደድሁት፦
«ቺና፣
ግንባሩን ማን ነው የቆረጠው?»