ጨውና አሸዋ

ማክሰኞ ማታ ነው። ወደ ምድር ቤት ወርደን፣
የሉተራኖቹን ወንበሮች ዘርግተን፣
ከማሞቂያው ቧንቧ ዙሪያ ተሰብስበን፤
ስድስት ሰዎች ነን፤ ሰባተኛው ደግሞ ፈረቃ ገብቷል፣
ከዶሮው ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ሻዩ ይጠብቃል።
ውጭው ዊኒፔግ ነው፣ የጥር ጨለማ፣
ትንፋሽ እንኳ ደርቆ ሲሰበር የሚሰማ።

እኔ የመጣሁት፣ «ደቀ መዝሙር» ሲሉ
መዝሙር መስሎኝ ነበር ትምህርቱ በሙሉ፤
ድምፄን አሟሽተው ኪቦርድ ሊሰጡኝ፣
በነጭ ሸሚዝ አድርገው መድረክ ሊያወጡኝ።
ጋሽ ላምቤቦ ሳቀ።
(ሲጀምር ሳቅ ነው፣ ሲያልቅ ሳል ይሆናል፤
ሠላሳ ክረምት ሙሉ ከባድ መኪና ነድቷል፣
የዚህን አገር ጉድጓድ አንድ በአንድ ያውቃል።)
«‘ደቅ’ ማለት ልጅ ነው» አለኝ «በግዕዙ፤
ልጅ ደግሞ ይላካል። ተነሡ፣ ጓንት ያዙ።»

መጽሐፋችን ቀጭን፣ አሥራ ሁለት ምዕራፍ፤
እኛ ግን ከአንደኛው ወር ሙሉ አናልፍ።
ምን እንደገባችሁ አይጠይቅም እሱ፤
ምን አደረጋችሁ ነው ፈተናው ራሱ።
እኅት ዘነበች፣ አረጋውያን ቤት ሌሊት የምትሠራ፣
«ትናንት የተፉብኝን ሽማግሌ አጠብኩ» አለች ሳትኮራ።
ናሆም፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ስልኩን እያሻሸ፣
«ለአባቴ ደወልኩ» ብሎ ቀሪውን አልጨረሰ።
እኔ የምለው ሳጣ
ጥቅስ በቃሌ ወጣሁ፣ ከነቁጥሩ፣ በአንድ ትንፋሽ።
ሰማኝ ሳያቋርጥ፣ እስከ ጥቅሱ ጫፍ፤
«ጎበዝ» አለኝና አካፋ ሰጠኝ፣ ቁመቴን የሚያልፍ።

ቫኗ ውስጥ ዝርዝር አለ፦ አንዲት ፊሊፒናዊት ባልቴት፣
ምርኩዝ የያዙ ዩክሬናዊ፣ መንታ የወለደች እናት፤
በአባላት መዝገብ ላይ ስማቸው የሌለበት።
በረዶ ዛቅን፤ ከባልዲው ጨው በተንን፤
«ጨው ያልበተነማ ጨዋ አይባልም» አለ ናሆም። ሳቅን።

የመጨረሻው ቤት፣ አረንጓዴ በር፤
ዐይቼው አወቅሁት፤ የኤርሲዶ ነበር፤
የዕቁቤን ብር ወስዶ «ነገ» ያለኝ ሰው፣
ሁለት ክረምት አልፎ ነገው ያልደረሰው።
እሁድ እሱ በግራ፣ እኔ በቀኝ ተቀምጠን
ለአንዱ ጌታ «አሜን» የምንል፣ ተራርቀን።

«አልወርድም» አልኩ።
ጋሽ ላምቤቦ አልገሠጸኝም። ሞተሩን አላጠፋ።
«ነዳጅ አለኝ» አለ፣ «እስኪነጋ።»
ተቀመጠ። ተቀመጥን። ደቂቃው ገፋ።
ወረድኩ በስተመጨረሻ፣ በፍቅር ሳይሆን በሐፍረት፣ ከነአካፋ።

ዛቅሁ። ጨው በተንኩ። በረዶው ግን ፈዞ
እንደ መስታወት ቀረ፣ ጨዉን ላዩ ይዞ።
ከቫኗ መስኮት ድምፅ መጣ፦ «ከሃያ በታች ነው፣
ጨው በዚህ ብርድ አልጫ ነው! አሸዋውን ውሰደው።»
«አሸዋ አያቀልጠውም እኮ!» «ማን አቅልጥ አለህ?
ሰውየው እንዳይወድቅ ነው እኔ የላክሁህ።»

በተንኩት፤ ግራጫ፣ ተራ፣ ምንም የማያበራ።
ከውስጥ የበረንዳው አምፖል በራ።
መጋረጃው ተነካ፤ ሰው ግን አልወጣ፤
ማንም አላቀፈኝ፤ ብሬም አልመጣ።
ያን ሌሊት ይቅር አልኩት ብል ውሸት ይሆናል፤
ክንዴ ብቻ ነው የታመመው፤ ልቤ ገና ይማራል።

እሁድ፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣
እኅት ዘነበች ምንጣፉን በማሽን እየጠረገች
«ይሄን ሁሉ አሸዋ ማን ነው ያመጣው?» እያለች
ትነጫነጫለች።
ከበሩ ተነሥቶ፣
የጫማ ቅርጽ ይዞ፣
እስከ ግራው ወንበር ይሄዳል፤
እዚያ ትንሽ ተዝረክርኮ፣
አንድ ርምጃ ወደ ቀኝ ብሎ ይቆማል።

«ቆይ» አልኳት፣ «እሱን አትጥረጊው።»
ጋሽ ላምቤቦ ኮቱን እየለበሰ
«ማክሰኞም እዚያው ነን፣ ምዕራፍ አንድ» አለ፤
ሳቀ፤ ሳለ።