የጠረጴዛው እግር

ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስቀመጥ፣
ጠረጴዛው አንካሳ፣ ክንድ ሲያርፍበት የሚናወጥ፤
ከእኔ በፊት የነበረው፣ ጋሽ ወልደትንሣይ ነፍሱን ይማር፣
አንድ ወፍራም ፋይል አጥፎ ሸጉጦለት ነበር።
ማንም አላየውም። እኔም አላየሁት።
ሻይ የፈሰሰበት ቀን ብቻ፣ በጨርቅ አደረቅሁት።

ከቆዳ ፋብሪካው አጥር ሥር የምታልፍ ጅረት አለች፣
ስሟ ጥሩ ውሃ። ስሟን ሳትለውጥ ቀለሟን ለወጠች፤
ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ እንደ ዛገ ምስማር፣
ቦርከና እስክትገባ ጠረኗ የከረመ እንቁላል ነበር።
ጦይባ ይመር ሙሽራ ሳለች፣ የጥሎሽ ላሟ ከርሷ ጠጥታ
በረት ውስጥ አደረች፣ አራት እግሯን ዘርግታ።
የኮምቦልቻ ማሽላ ገና በነሐሴ ነጣ፤
የልጆች ቁርጭምጭሚት ላይ የማይድን ቁስል ወጣ።
እኛማ ደመወዝ በሃያ አምስት ይወጣልና
አፍንጫችንን ይዘን ገባን፣ በማግስቱም እንደገና።

ፋብሪካው ተዘጋ። በሩ ላይ ማኅተም፣ ጓሮው ጥቁር ጭቃ።
መሐንዲሷ ሐያት መጣች፣ በእጇ የብርጭቆ ዕቃ፤
ቀዳች፤ ቆፈረች፤ ‹‹ክሮም ነው›› አለች፣ ‹‹እስከ ጉልበት ጥልቅ።››
‹‹ማን ይጥረገው?›› አልናት። ሳቀች፤ ሳቋ ደረቅ።
የመጀመሪያው ጌታ ሞቷል፤ መንግሥት ወርሶታል፤
መንግሥት ሸጦታል፤ የገዛው ከስሯል፤
ዕዳው ባለቤት እንደሌለው ድመት ከደጅ ደጅ ይዞራል።

ዕቃ ለማስረከብ ጠረጴዛውን ያነሣን ዕለት
ፋይሉ ወለሉ ላይ ቀረ፣ የእግሩ ቅርጽ ታትሞበት።
ገለጥሁት። በወይን ጠጅ ቀለም ‹‹የኃላፊነት መድን ውል›› ይላል፤
‹‹ከመስከረም ሃምሳ ዘጠኝ እስከ ጳጉሜን ስድሳ አንድ ይጸናል፤
በዚህ ዘመን በሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት
ድርጅቱ ይክሳል፣ ጥያቄው ይምጣ በማናቸውም ሰዓት።››
ከኋላው የአረቦን ደረሰኝ፣ በዛገ ሽቦ ተሰፍቶ፤
አይጥ ጥጉን በልቶ፣ ፊርማውን ትቶ።

የመድን ድርጅቱ ስም ሦስቴ ተለውጧል። የጠበቃው ልብስ ግን አዲስ።
‹‹ውሉ ድንገተኛ ጉዳት ይላል›› አለ፣ ገጹን ሲገልጥ ቀስ፤
‹‹ዓመት ከዓመት ጠብ ጠብ ያለ፣ እንዴት ድንገት ይባላል?››
አሮጊቷ ጦይባ ተነሣች። ‹‹ልጄ፣ ለፋብሪካው ጠብ ጠብ ይሆናል።
እኔ ማታ አልቤያት፣ ጠዋት የለችም።
ከዚህ የባሰ ድንገት፣ እኔ አላውቅም።››

አባጋሩ ሼህ ኑርዬ ወረቀቱን ዳሰሱት፤ ‹‹ይኼ ምንድን ነው?››
‹‹ዋስ›› አልናቸው።
‹‹ዋስማ ቢሞት ልጁ ይቆማል፤ ስም መለወጥ ምንድን ነው?
የበላ አፍ ስሙን ቢቀይር፣ ሆዱ ያው ነው።››

ሁለት ክረምት ተከራከሩ። ገንዘቡም መጣ፤
ከአርባ ዓመቱ ጭቃ የሦስቱ ብቻ ዋጋ ወጣ።
ኤክስካቫተሩ ከአጥሩ ጀምሮ ጥቁሩን ዛቀ፣
ጦይባ ማሳ ጋ ሲደርስ፣ ገንዘቡ አለቀ።
ከማሳው በታች ጅረቷ እንደ ድሮው ጥቁር ናት።
ከማሳው በላይ፣ አንድ ምሽት፣ እንቁራሪት ሰማሁ፤ ወላሂ ሰማኋት።

አሁን እዚያው ግቢ አዲስ ፋብሪካ ሊከፈት ነው። ተጠራሁ፣
መዝገብ እንዳደራጅ። አዲሱን የመድን ውል ገልጬ አየሁ፤
አርባ ገጽ፣ የሚያብረቀርቅ። ገጽ ሠላሳ ሁለት፣ በደቃቅ ፊደል፣
‹‹ይህ ውል ብክለትን አይመለከትም›› ይል።
መነጽሬን አወለቅሁ። ቆየሁ።
ጠረጴዛው ያው ነው፣ አንካሳው፤ ጎንበስ ብዬ ክፍተቱን ለካሁ።
ቅጂውን ለሁለት አጥፌ ከእግሩ ሥር ሸጎጥሁት።
ልክ ሆነ። ክንዴን አሳረፍሁበት።