የዝምተኛው ነገር

በኡላንባታር ውርጭ፣ ሌቱ ገና ሳይነጋ፣
ጎምቦ ከዋዙ ሥር በረዶው ላይ ተዘረጋ፤
በላምባ እሳት ሊያቀልጥ የሞተሩን ዘይት፣ የረጋ።
«ተነሺ፣ አንቺ አሮጊት!» ካርቡራቶሯን ሲፈታ፤
ስላ፣
አቃስታ፣
ተነሣች በስንት ይቅርታ።

ለዘወትር ግን፣ ለሥራ፣ ፕሪየስ ሊያይ ወሰደኝ፤
ከጃፓን ያገለገለ፣ ጎኑ የተላጠ፣ መሪው በቀኝ።
ሻጩ አዝራሩን ነካ። ጸጥ። «ተነሥቷል» አለን፣ ኮርቶ።
ጎምቦ ኮፈኖው ላይ በጆሮው ተደፍቶ፣
«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለው፤
ይሄ ሲታመም፣ ኦዩና፣ በምን ልወቀው?»

ሳቄ መጣ።
ሠላሳ ዓመት ከሱ ጋር ኖሬ፣
ሕመሙን ካስተረፈው የጨው ሻይ ላይ ቆጥሬ!

«ግዛው» አልሁት፤
«የዝምተኛውን ነገር ለኔ ተወው።»