ዘላ ያልጠገበች

እኔ ነኝ አጥፊዋ።
በብረት መንሽዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣
የራዶስቲናን ዱካ ከአሸዋው የጠረግሁት።
ዳኛው ሜትር ዘርግቶ ቁጥሩን እንደ ጠራ
«ስቶይል፣ ደልድለው!» ነው፤ ይኸው ነው የኔ ሥራ።

አባቷ ጨው ዛቂ፣ ከፖሞርዬ ሐይቅ ዳር፣
ተረከዙ ተሰንጥቆ ከነጩ ጋር የሚያድር።
እናቷም ትጮኻለች፦ «ዘለሽ አትጠግቢ!
ባልዲውን ይዘሽ ግቢ!»
እሷ ግን ከግድብ ግድብ፣ ከመደብ መደብ፣
ጨዋማውን ውሃ ትሻገራለች፣ ጣቷን ሳታረጥብ።

የርዝመት ዝላይ ሕጉ ክፉ ነው፤
የደረሱበትን ትቶ ከኋላ የነኩትን ነው የሚለካው።
ቫርና ላይ አየኋት፤ ሰባት ሜትር ልትሞላ ተነሣች፣ ተንሳፈፈች፣
ስታርፍ ግን ግራ እጇ ወደ ኋላ ወደቀች።
አምስት ጣት፣ አንድ ስንዝር። ዳኛው ከእጇ ለካ።
ሰው በእግሩ ደርሶ በእጁ ይቀራል ለካ!

የብር ሜዳልያዋን ካልሲ ውስጥ ከትታ መጣች።
ከዚያ ሦስት ክረምት ግራ እጇን በአባቷ ቀበቶ
ከወገቧ አስራ ዘለለች፤
እኔም በረዶ የያዘውን አሸዋ በዶማ እየሰበርኩ፣
«እብድ ነሽ» እያልኩ፣
እየደለደልኩ።

ሶፊያ። ስድስተኛው ዝላይ፣ የመጨረሻው ተራ።
ነጭ ባንዲራ።
እኔ አልነበርኩም። ከዘበኛው ቤት በራዲዮ ሰማሁ፤
ሰው ሁሉ ወርቁን ሲያወራ እኔን አንድ ነገር ቆጨኝ፦
ያንን ዱካ ሌላ ሰው አጠፋው። ቀናሁ።

አሁን ስልሳ ሁለት ሞልቷታል። ጉልበቷ ደረጃ አይወድም።
ክብረ ወሰኗን አንዲት የፕሌቨን ልጅ በሦስት ሴንቲ ሜትር ወስዳዋለች፤
የበሩ ሰሌዳ ዝጎ ስሟ «ራዶ» ላይ ተቆርጧል።
ሐሙስ ሐሙስ ግን ትመጣለች፤
ከመነሻው ጣውላ አጠገብ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ
«እጅሽን! እጅሽን!» ትላለች።

ባለፈው፣ ቪህራ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ
«የቱ ጋ ነው ያረፉት? ያሳዩኝ» አለቻት።
ራዶስቲና ዝም ብላ ወደኔ ዞረች።
እኔም አሸዋውን አየሁት። ከባሕሩ ዳር ጭነን ከሞላነው ወዲህ
አንድ አካፋ አልጣልኩም።
አጠፋሁ ስል ኖርኩ እንጂ ሥራዬ ማደባለቅ ነበር።

ማታ ቪህራ በሩ ጋ ቆማ
ጫማዋን ልታራግፍ ስትል
«ተዪው» አልኳት፣ «ቤትሽ ይዘሽው ሂጂ።»