ጊዜያዊ ውሃ

ዕጣው ከባዶ የብስኩት ጣሳ ወጣ፤
ጸሐፊው ስሞቹን አይቶ ፊቱ ነጣ፤
ቶርፊንና ኤርላንድ፣ የአንድ እናት ልጆች፣
ዘጠኝ ዓመት በጠበቃ የሚነጋገሩ ሰዎች፤
ሦስተኛዋ እኔ፣ ኢንጋ፣ ፖስተኛዋ፣
የዚያ ሁሉ ክስ መንገደኛዋ።

የኦርክኒ ዝናብ ከላይ አይወርድም፤
በጎን ነው የሚገባ፣ ጃንጥላ አይጋርድም።
የእኔማ ጃንጥላ፣ ገና በአንደኛው ጉድጓድ፣
እንደ ሌሊት ወፍ ተገልብጦ ነጎደ በነፋስ መንገድ።
ጓንቴን እያለብኩት እሄዳለሁ፤
ዱላዬን በመሀረብ ጠርጌ፣ መሀረቤን በምን ልጥረግ እላለሁ።
ባንዲራው ከጭጋጉ ጋር ድብብቆሽ ይጫወታል፤
አለ ሲሉት የለም፣ ተውነው ሲሉት ይታያል።
ኳሷም መንከባለል ትታ
ከወደቀችበት አትነሣም፣ ጭቃ ውስጥ ተኝታ።
ለምን በዝናብ ትጫወታላችሁ ይሉናል፣ በበጋ የሚመጡ እንግዶች፤
ዝናቡ እስኪያባራ የጠበቁትማ እዚያ ናቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣
ድንጋይ የተንተራሱት ጎረቤቶች።

ወንድማማቾቹ ግን ከዝናቡም ይብሳሉ፤
እኔን መሀል አድርገው ይላላካሉ።
«ተራው የሱ ነው በይው።»
«ሰምቻለሁ በይው።»
በእረፍት ቀኔ እንኳ፣ ቦርሳዬን ቤት ሰቅዬ፣
ቃል አመላልሳለሁ፣ የቴምብሩን ሒሳብ ለሰማይ ጥዬ።

የተጣሉባት አንዲት የጀልባ ቤት ናት፤
ጣሪያዋን ዝገት የበላት፣
አባት ሲሞት ለማን እንደሆነች ሳይናገር የተዋት።
ሁለት ቁልፍ ተቆልፎባት፣ ፍርድ እስኪመጣ፣
ዝናቡ ግን ክስ አያውቅ፣ ሲገባ ሲወጣ፣
ጀልባይቱን ሞላት እስከ አፏ ድረስ፤
ዛሬ ባሕሩ ውስጧ ነው፣ እሷ ናት የብስ።

ሰባተኛው ላይ፣ ከድንጋዩ ካብ ጥግ፣
የኤርላንድ ኳስ ኩሬ ገባች፣ ትናንት ያልነበረ ረግረግ።
ደንብ አለ፦ ዝናብ ያቆረው ውሃ፣ ጊዜያዊ ከተባለ፣
ኳሱ ያለ ቅጣት ይነሣል፤
በኛ ክለብ ልማድ ግን፣ ተጋጣሚው አዎ ካለ።

ኤርላንድ አጎንብሶ አየ። ወደ እኔ ዞረ፤
አፉን ከፈተ፣ «በይው» ሊል፤ ተወው፣ አቀረቀረ።
ከዚያ እኔን አልፎ፣ በቀጥታ ወደ ወንድሙ፦
«ጊዜያዊ ነው?» አለ፤ ድምፁ የዝገት ነበር ጣዕሙ።

ቶርፊን መጣ፣ ጫማው ጨቅ ጨቅ እያለ፤
ከባርኔጣው ጠርዝ እየተንጠባጠበ፣ ኩሬውን ሲያይ ዋለ።
«ቁምበት» አለው፤ «ግን አትጫን።
ተጭነው ላወጡት ውሃ ደንቡ አይፈርድልን።»
ኤርላንድ ቆመ፣ ዕንቁላል ላይ እንደ ቆመ ሰው፣ ትንፋሹን ይዞ፤
ውሃው በጫማው ዙሪያ ብቅ አለ፣ ማንም ሳያዘው፣ ፈዞ።
ሦስታችንም አየነው።
ዝናቡ ያው ነው።

«ጊዜያዊ ነው» አለ ቶርፊን።
«አንሣው። ከጉልበትህ ቁመት ጣለው።»

ዕርቅ የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ፤ አልሆነም።
ኤርላንድ ኳሱን ጣለ፣ መታ፣ ወደ ባሕር ሄደች፤ የሳቀ የለም።
ማን እንዳሸነፈ አላውቅም፤ የነጥብ ወረቀቱ
ኪሴ ውስጥ ሊጥ ሆኖ፣ አብረው ተቦኩበት ሁለቱ።
በየመኪናቸው ገብተው፣ መስታወቱ በትንፋሽ ታውሮ፣
ሞተር ሳያስነሡ ቆዩ፣ ጎን ለጎን፤ እኔንም ብርዱ ጠፍሮ።

ሰኞ፣ ያው ቡኒ ፖስታ፣ የጠበቃው ማኅተም ያለበት፣ ለቶርፊን።
በር ላይ ተቀበለኝ። አልከፈተውም፤ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረው፣
ወደ ሜዳው እያየ። ሰማዩ እንደገና አኩርፏል።
«ኢንጋ» አለኝ፣
«ያ ኩሬ… ደረቀ ወይ?»

አላየሁም አልኩት።
እውነቴን ነው፤ በዚያ በኩል
የማደርሰው ደብዳቤ የለኝም።